የሳቱት ጥይቶች የት ሄዱ?

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ሸዋ በር ሰው ከሰው አይደማመጥም። ባጃጁ ጡሩምባውን ይነፋል። ከገጠር ማገዶ ተሸክመው የመጡ እናቶች በኦሮምኛ ዋጋ ይጠራሉ፣ ባለሱቁ በሐረሪ ይመልሳል፣ እኔ በአማርኛ "ትንሽ ቀንሱልኝ" እላለሁ፤ ያው በመጨረሻ ሁላችንም እንግባባለን። በዚህ ሁሉ ጫጫታ መሐል "ጧ!" የምትል ደረቅ ድምፅ አለች። ማንም ዞር ብሎ አያያትም። ትንሽ ቆይታ ደግሞ "ጧ!"

ድምፅዋን ተከትዬ ሄድኩ። አንድ ወጣት መንገድ ዳር በአሸዋ የተሞሉ ጆንያዎች ደርድሮ፣ ከፊታቸው የካርቶን ሰሌዳ አቁሞ የአየር ጠመንጃ ያስተኩሳል። ሰሌዳው ላይ ክብ ክብ የተሣለበት ወረቀት፣ ማስቲካና የክብሪት እንጨት ተሰክቷል። አምስት ተኩስ 30 ብር ነው። ማስቲካውን የመታ ማስቲካውን ይወስዳል። እናንተም በየከተማችሁ አይታችሁት ይሆናል። እኔም ስንት ጊዜ አይቼ አልፌዋለሁ። በዚህኛው ቅዳሜ ግን ቆምኩ።

"አቦ ነይ ሞክሪ!" አለኝ ባለጠመንጃው። "ሴት እኮ አትቸኩልም፣ ከወንዶቹ ትሻላለች።"

በማግስቱ እሑድም ተመልሼ እንደምመጣ ያኔ አላወቅኩም ነበር።

ለምን ቆምኩ?

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ጠመንጃ እፈራለሁ። ድሮ አልፈራም ነበር። የጀመረኝ ባለፈው ዓመት ነው።

ገጠር ያሉ ዘመዶቻችን ልጅ ዳሩ። ሙሽሮቹ ሲገቡ እልልታው ቀለጠ፣ ጠመንጃ የያዙት ወደ ሰማይ ተኮሱ። ከማዶ መንደርም ሌላ ሠርግ ስለነበረ እነሱም በተኩስ መለሱልን። ደስ ይላል፤ እኔም ስልኬን ከፍ አድርጌ እየቀረጽኩ ነበር። በዚህ መሐል ማድ ቤቱ ቆርቆሮ ላይ ድንጋይ የወደቀ የሚመስል ድምፅ ተሰማ። ልጆች ድንጋይ ወርውረው ነው ብለን ዝም አልን።

ማታ ላይ አንዲት እናት ጠራችን። ቆርቆሮው ተበስቷል። ጥይቷ አፈሩ ወለል ውስጥ ገብታ ተገኘች፤ ሴትዮዋ እንጀራ ስትጋግርበት ከነበረው ምጣድ ክንድ በማይሞላ ርቀት። መጀመሪያ ሳቀች። ከዚያ ዱካው ላይ ቁጭ አለችና ሌሊቱን ሙሉ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። ጥይቷ ከእኛ ትሁን ከማዶ አልታወቀም። "ማን ነው የተኮሰው?" ብሎ የጠየቀ ሰውም አልነበረም። ምን ብለህ ትጠይቃለህ? ሁሉም ተኩሷል፣ ሁሉም ደስ ብሎታል።

ከሁለት ሳምንት በፊት ደግሞ ታናሽ ወንድሜ ቲክቶክ ላይ አንድ ቪዲዮ ለጠፈ። 19 ዓመቱ ነው። ክላሽ ይዞ ወደ ላይ ሲተኩስ፣ ከኋላው ሞቅ ያለ ዘፈን፣ ከሥሩ "ተኩሶ አይስቴ" የሚል ጽሑፍ። ላይኩ ጉድ ነው። ደወልኩለት።

"ወደ ሰማይ እኮ ነው" አለኝ። "ማንን እመታለሁ?"

መልስ አጣሁለት። ስለ ጠመንጃ ምንም ሳላውቅ ምን ብዬ ልምከረው? ሐረር ቤተሰብ ልጠይቅ ስመጣ ይሄ ጥያቄ አብሮኝ ነበር። ለዚህ ነው የቆምኩት።

ቅዳሜ፦ "ጠመንጃውን አትስደቢ"

የአየር ጠመንጃው አሠራር ቀላል ነው። አፈሙዙን ይዘህ እንደ ብትር ወደ ታች ትሰብረዋለህ፤ ውስጥ ያለው ሞላ ይጨመቃል። ምስር የምታክል እርሳስ ጥይት ታጎርሰዋለህ፣ መልሰህ ትገጥመዋለህ። ምላጩን ስትስብ ሞላው ይለቀቅና የታመቀው አየር ጥይቷን ይገፋታል። ባሩድ የለ፣ ጭስ የለ። የልጅ ዕቃ ይመስላል፤ ግን ዓይን ያጠፋል። ልጅ ያላችሁ ልብ በሉ።

አምስቱን ተኮስኩ። ወረቀቱ ላይ አንድም ቀዳዳ የለም። የተሰበሰቡት ልጆች ሳቁ። እኔም እንደማንኛውም ጀማሪ ሰበብ ፈለግኩ፤ ዞር ብዬ "ይሄ ጠመንጃ ጠማማ ነው!" አልኩ።

"ልጄ፣ ጠመንጃውን አትስደቢ" የሚል ድምፅ ከጥላው ሥር መጣ። "መጀመሪያ ጣትሽን ከምላጩ ላይ አንሺ።"

አየሁ። እውነትም ጣቴ ምላጩ ላይ ነው። ዞሬ ሳወራ አፈሙዙም አብሮኝ ዞሮ የሚስቁትን ልጆች ደረት ደረት እያየ ነበር። ባዶ እንደሆነ አውቃለሁ ለማለት ስከጅል ቀደሙኝ።

"ባዶ ነው የሚባል ጠመንጃ የለም። ስንት ሰው የሞተው ባዶ ነው በተባለ ጠመንጃ ነው።"

ሻይ ይዘው የተቀመጡ፣ ከዘራቸውን ጉልበታቸው ላይ ያጋደሙ አዛውንት ናቸው። የድሮ ወታደር ናቸው። ሐረር ደግሞ ለወታደር እንግዳ አይደለችም። በ1950 ዓ.ም. ገደማ የሕንድ መኮንኖች ያስተምሩበት የነበረው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የጦር አካዳሚ የተከፈተው እዚሁ ነው። በ1970 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦር እስከ ከተማዋ አፋፍ ደርሶ ሐረርን ሳይዝ የተመለሰበትን ጊዜ የሚያስታውስ ሽማግሌ በየሰፈሩ አለ። አባባ ስለ ጦርነቱ ሊያወሩኝ አልፈለጉም። ስለ ማነጣጠር ግን ሰዓት አይበቃቸውም።

ተነስተው መጡ። ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር እንደ ትምህርት ቤት ነው።

መጀመሪያ አቋቋሜን አስተካከሉ። ሰደፉ ትከሻዬ ላይ እንግዳ ሆኖ ነበር፤ ጥብቅ እንዲል አደረጉ። ጉንጬን ሰደፉ ላይ አሳረፍኩ፤ በእያንዳንዱ ተኩስ ጉንጬ አንድ ቦታ ላይ ካላረፈ ዓይኔም ሌላ ቦታ ነው ማለት ነው።

ቀጥሎ ዓይን። እኔ እስካሁን የማየው ዒላማውን ነበር። "ዒላማው ይደብዝዝ" አሉኝ። "አንቺ አፈሙዙ ጫፍ ላይ ያለችውን ማነጣጠሪያ እያት፤ እሷ ትጥራ።" ግራ የሚያጋባ ነገር ነው። የሰው ዓይን ግን ቅርብና ሩቅን በአንድ ጊዜ አጥርቶ ማየት አይችልም፤ ስለዚህ አንዱን መምረጥ ግድ ነው። ልክ ስልክህ ካሜራ ላይ ፊት ስትነካ ጀርባው እንደሚደበዝዘው።

ከዚያ ትንፋሽ። ሳብ፣ ግማሹን ልቀቅ፣ ያዝ። ስትተነፍሺ ደረትሽ ይነሳል፣ ከደረትሽ ጋር ጠመንጃው ይነሳል። ግን ብዙ ከያዝሽው እጅሽ መንቀጥቀጥ ይጀምራል። ያኔ ምን ይደረጋል? "ትተዪዋለሽ" አሉ አባባ። "ታወርጂውና እንደገና ትጀምሪያለሽ። አለመተኮስም ተኩስ ነው።"

መጨረሻ ላይ ምላጭ። እኔ እንደ ማውዝ ክሊክ ነበር የማደርገው። ለካ ምላጭ አይመታም፣ ይጨመቃል፤ በጣት ጫፍ፣ ቀስ እያለ፣ መቼ እንደሚለቅ አንተንም እስኪያስደነግጥህ ድረስ። ከለቀቀም በኋላ ቶሎ ቀና ብለህ "መታሁ ወይ?" አትልም። ባለህበት ትቆያለህ።

ሌላ 30 ብር ከፈልኩ። ጧ። ጧ። ጧ። ጧ። ጧ።

ወረቀቱን ሳየው ተናደድኩ። መሐሉን አንዷም አልነካችውም። አምስቱም ወደ ግራ፣ ወደ ታች፣ አንድ ብር ሳንቲም በምትሸፍነው ቦታ ላይ ተሰብስበዋል። አባባ ግን ፊታቸው በራ።

"አሁን መተኮስ ጀመርሽ።"

"ሁሉም ስተዋል እኮ አባባ!"

"ስተዋል። ግን አንድ ቦታ ነው የሳቱት። ሁሌ አንድ ቦታ የሚስት ሰው ይታረማል። በየቦታው የሚስተውን ግን ምኑን ታርሚዋለሽ?"

ነገሩ ገባኝ። ጥይቶቹ ከተሰበሰቡ ተኳሹ አንድ ዓይነት ነገር እየደጋገመ ነው ማለት ነው፤ ጥፋቱ ከማነጣጠሪያው ነው፣ እሱ ደግሞ ይስተካከላል። ጥይቶቹ ከተበተኑ ግን ማነጣጠሪያ ብትቀይር፣ ጠመንጃ ብትቀይር ዋጋ የለውም። ወታደርም ስፖርተኛም ሲጀምር የሚማረው መምታት ሳይሆን መሰብሰብ ነው። በሚቀጥለው ተኩስ የሳትኩትን ያህል ወደ ቀኝና ወደ ላይ አሻግሬ አነጣጠርኩ። ማስቲካው ወደቀ። ልጆቹ አጨበጨቡልኝ። ማስቲካው ሙዝ ሙዝ ይላል፤ እንደዚያ የጣፈጠኝ ማስቲካ የለም።

ግማሽ ሚሊ ሜትር

ማታ ስልኬ ላይ ስፈልግ ይሄው የአየር ጠመንጃ እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ የኦሎምፒክ ውድድር መሆኑን አየሁ። ርቀቱ 10 ሜትር ነው። መሐል ላይ ያለችው የአሥር ነጥብ ዒላማ ስፋቷ ግማሽ ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ ጥይቷ ራሷ 4.5 ሚሊ ሜትር። ዒላማው ከጥይቱ በዘጠኝ እጥፍ ያንሳል! በዚህ ደረጃ የተኳሹ የልብ ምት እንኳ ጠመንጃውን ያነቃንቀዋል። ስለዚህ ውድድሩ ጉልበት ወይም ድፍረት አይደለም፤ ማን ራሱን ፀጥ ማድረግ ይችላል ነው።

እኛ በሩጫ እንጂ በማነጣጠር አንታወቅም። ግን አንድ ሰው አስታወስኩ፦ አበበ ቢቂላ። የክብር ዘበኛው ወታደር፣ የሮምና የቶኪዮ ማራቶን አሸናፊ፣ በ1961 ዓ.ም. በመኪና አደጋ እግሮቹ ከከዱት በኋላ ቁጭ ብሎ አልቀረም። እ.ኤ.አ. በ1970 እንግሊዝ አገር ስቶክ ማንዴቪል በተካሄደው የተሽከርካሪ ወንበር ውድድር ላይ በቀስት ተኩስ ተሳትፏል። ዓለምን በእግሩ ያስደነቀ ሰው፣ በእጁና በዓይኑ እንደገና ጀማሪ ሆነ። አምስት ስቶ ጠመንጃ የሰደበ ሰው ይሄን ሲያስብ ትንሽ ያፍራል።

ጠመንጃ የገባበት በር

ከተኩሱ በኋላ አባባ ሻይ ጋበዙኝ። አያታቸው ውጅግራ ነበራቸው አሉ። ውጅግራ ማለት ምን እንደሆነ አውቃለሁ? አላውቅም። በሽለላና በፉከራ ሲጠራ እሰማለሁ እንጂ።

ለካ ስሞቹ የፈረንጅ ስሞች ናቸው። ውጅግራ "ፉዚ ግራ" ነው፤ የፈረንሳዩ የግራ ጠመንጃ። ሰናድር የእንግሊዙ ስናይደር ነው፤ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ የእንግሊዝ ወታደሮች የያዙት። ምንሽር የኦስትሪያው ማንሊኸር ነው። አልቤን የጣሊያኑ አልቢኒ። ክላሽም ያው የሩሲያዊው ካላሽኒኮቭ። አያቶቻችን በዘፈን የሚያሞጋግሷቸው እነዚህ ሁሉ የጠመንጃ ንድፍ አውጪዎች ስም ናቸው። ስማቸውን አማርኛ አደረግናቸው፣ ከቤት ልጅ እኩል አደረግናቸው።

ሐረር ደግሞ የዚህ ንግድ አንዷ መተላለፊያ ነበረች። አሚር ኑር በ16ኛው ክፍለ ዘመን ያሠሩት የጀጎል ግንብ አምስት የጥንት በሮች አሉት። ሸዋ በር፣ በሐረሪዎች አጠራር አስማዲን በሪ፣ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ሸዋ የሚያየው ነው። በ1879 ዓ.ም. ምኒልክ ጨለንቆ ላይ አሚር አብዱላሂን ድል አድርገው ሐረርን ያዙ። በዚያው ሰሞን አንድ ፈረንሳዊ ነጋዴ ከታጁራ በግመል 2,000 ያህል አሮጌ ጠመንጃ ጭኖ ሸዋ ገባ። ስሙ አርተር ራምቦ ነው። አዎ፣ ጀጎል ውስጥ በስሙ የሚጠራ ቤት ያለው፣ ገጣሚው ራምቦ።

ንግዱ አልተሳካለትም። ንጉሡ ዋጋውን ቆረጡ፣ የሟች ሸሪኩ ዕዳም ተቀነሰበት። የቀረውን ክፍያ ሊቀበል ከሸዋ ተነስቶ ወደ ሐረር፣ ወደ መኮንን ዘንድ መምጣት ነበረበት። በጣም የገረመኝ ግን ሌላ ነው። ይሄ ጠመንጃ ነጋዴ ራሱ በጥይት የቆሰለ ሰው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1873 ብራስልስ ውስጥ ጓደኛው ገጣሚው ቬርሌን በስካር ሁለት ጊዜ ተኮሰበት፤ አንዷ የግራ አንጓውን መታችው፣ አንዷ ሳተች።

ይሄን ለአባባ ስነግራቸው ብዙም አልደነቃቸውም። "የሳተችውስ የት ሄደች?" ብቻ አሉ።

ያኔ እንደ ቀልድ ነበር የወሰድኩት።

እሑድ፦ አራቱስ?

እሑድ ወንድሜን ይዤው መጣሁ። ገና ከሩቅ ሲያየው ሳቀ። "ይሄማ የሕፃን መጫወቻ ነው! እኔ ክላሽ የተኮስኩ ሰው ነኝ።" ልጆቹ በአድናቆት አዩት።

ጠመንጃውን በአንድ እጁ ተቀበለ፤ መቆሚያው ላይ ፎቶ አስነሳኝ አለ፣ አነሳሁት። ከዚያ ጧ፣ ጧ፣ ጧ፣ ጧ፣ ጧ። ባለጠመንጃው ጥይት እስኪያጎርስለት ድረስ እንኳ ትዕግሥት አልነበረውም። ጨረሰና ፈገግ ብሎ ዞረ።

አባባ ቀስ ብለው ወደ ወረቀቱ ሄዱ፤ መነጽራቸውን አስተካክለው አዩ።

"ስንት ተኮስክ ልጄ?"

"አምስት።"

"እኔ አንድ ቀዳዳ ነው የማየው። አራቱስ?"

"ጆንያው ውስጥ ናቸዋ።"

"እንዴ፣ ጆንያው ባይኖርስ?"

ወንድሜ አፉን ከፈተ፣ ዘጋው። አባባ ምክር አልጨመሩም። ስለ ሠርጉ አያውቁም፤ ስለ ቪዲዮውም አልነገርኳቸውም። ተመልሰው ሻያቸው ጋ ቁጭ አሉ። ወንድሜ ግን ጆንያዎቹን እያየ ትንሽ ቆመ። ከዚያ ሌላ 30 ብር ከኪሱ አወጣ። በዚህኛው ዙር በአምስት ተኩስ ሩብ ሰዓት ያህል ፈጀ። ሁለት ጊዜ አነጣጥሮ ሳይተኩስ አወረደው። ሦስት ቀዳዳ፤ የተበታተኑ፣ ግን ሦስት።

ወደ ቤት ስንመለስ በጀጎል በኩል ገባን። መኪና ግርግር የልብስ ስፌቶቹ ጫጫታ አለ፤ እኛ ግን ዝም ብለናል።

በመጨረሻ "ወደ ሰማይ የተኮስኩትስ?" አለኝ። "እሱ የት ነው የሚሄደው?"

ይሄን ማታ አንብቤው ስለነበር ነገርኩት። የክላሽ ጥይት ከአፈሙዝ ሲወጣ በሰከንድ 700 ሜትር ገደማ ይበራል። ሰማይ አይውጠውም። ፍጥነቱ ሲያልቅ ይመለሳል። ሲወርድ እንደ ወጣበት አይፈጥንም፤ ግን የሰው ራስ ቅል ለመስበር ሊበቃ ይችላል። ጠመንጃው ትንሽ ካጋደለ ደግሞ ጥይቱ ኪሎ ሜትሮች ተሻግሮ፣ ተኳሹ አይቶት በማያውቀው ግቢ ያርፋል። ተኳሹ ያኔ እየጨፈረ ነው። ለዚህ ነው ጆንያ የሌለው ዒላማ ዒላማ የማይባለው። ሰማይ ጆንያ የለውም።

ሕግም አለ። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝን ይከለክላል፤ "የአጎቴ ነው፣ ለፎቶ ነው" የሚባል ፈቃድ ደግሞ የለም። ይሄን ለወንድሜ አልነገርኩትም። የአባባ ጥያቄ ይበቃዋል ብዬ ነው።

ያልነገርኳችሁ

አሁን አንድ ነገር ልናዘዝ። ወንድሜ የለጠፈው ቪዲዮ ከየት እንደመጣ አልነገርኳችሁም። የዚያ ሠርግ ቪዲዮ ነው። የቀረጽኩት እኔ ነኝ።

እሑድ ማታ ሁለታችንም ቁጭ ብለን ዘፈን ያልተደረበበትን ዋናውን ቪዲዮ ከስልኬ ከፍተን አየነው። ወንድሜ ሦስት ጊዜ ይተኩሳል። እልልታ። የኔ ሳቅ ከሁሉም በላይ ይሰማል፤ "ድገመው! ድገመው!" የምለው እኔው ነኝ። ቪዲዮው የቆርቆሮው ድምፅ ከመሰማቱ በፊት ያልቃል። ጥይቷ የሱ ትሁን፣ የአጎቴ ትሁን፣ የማዶዎቹ ትሁን ማወቅ አይቻልም። መቼም አናውቅም። የሳተ ጥይት ክፋቱ ይሄ ነው፤ ባለቤት የለውም። ባለቤት ከሌለው ደግሞ የተኮስነውም፣ "ድገመው" ያልነውም ሁላችንም ባለቤቶቹ ነን።

ወንድሜ ቪዲዮውን ሦስት ጊዜ አየው። "እትዬ፣ ሴትዮዋ ደህና ናት አይደል?" አለኝ። ደህና ናት አልኩት። ቪዲዮውን ያጥፋው አያጥፋው አልጠየቅኩትም፤ እኔ ግን ከስልኬ አላጠፋሁትም። መርሳት አልፈልግም።

አዲስ አበባ ስመለስ ሁለቱን ወረቀቶች ይዤ መጣሁ። አንዱ የኔ ነው፤ አምስት ቀዳዳ፣ ሁሉም ስተው፣ ሁሉም አንድ ላይ። ሌላው የወንድሜ ነው፤ ሦስት ቀዳዳ። ጎን ለጎን ግድግዳዬ ላይ ለጥፌያቸዋለሁ። እንግዳ ሲመጣ "ጎበዝ፣ ሦስት መታሽ?" ይለኛል። እኔ ግን ወረቀቱን ባየሁት ቁጥር የምቆጥረው ቀዳዳ የሌላቸውን ሁለቱን ነው።

የሠርግ ወር እየመጣ ነው። እልል በሉ፣ ጨፍሩ፣ ቅረጹ። ጠመንጃ የሚያነሳ ካለ ግን "ድገመው" ከማለታችሁ በፊት የአባባን ጥያቄ ጠይቁልኝ።

ቸር ሰንብቱ።